ለሲስተም ክፍል፦ ፋይል ማያያዝ አልቻልኩም

ውድ እትዬ፣

ዛሬ ስልክ ያልደወልኩልሽ ረስቼሽ አይደለም። ስልክ ለእኔና ለአንቺ እንደማይሆን ስላወቅሁ ነው። እህትሽ ጋ የደረስሽ ቀን ደውለሽ «ደረስኩ» አልሽኝ። «እሺ» አልኩሽ። «በልተሻል?» «በላሁ።» «በይ ደህና ሁኚ።» «ደህና ሁኚ።» ከዚያ በኋላ ግን ሁለታችንም ስልኩን አልዘጋነውም። አንቺ ትተነፍሻለሽ፣ እኔ እተነፍሳለሁ፣ ከወዲያ የመኪና ጡሩምባ ይሰማል። ቢቸግረን ሁለታችንም እኩል ዘጋነው። ስለዚህ እንደለመድነው በጽሑፍ ይሁን። ረጅም ነውና መነጽርሽን አድርጊ፤ ከወንበር ላይ ተቀምጠሽ አንብቢው።

እሑድ ዕለት አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ እኛ ቤት መጥታ ነበር። ያወራችኝን እነግርሻለሁ፤ ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝም እሱ ነው። ግን ነገሩን ከሥሩ ካልጀመርኩት እንደ ልማዴ ግማሹን ውጬው እቀራለሁ።

አንቺ ወደ ቤታችን የመጣሽ ቀን ትልቅ ትራስ በሁለት እጅሽ አቅፈሽ በር ላይ ቆመሽ ነበር። እኔ ደግሞ ከአባቴ ጀርባ ሆኜ የትምህርት ቤት ቦርሳዬን አቅፌ ነበር። ተያየን። አንቺ ትራሱን ጠበቅ አደረግሽው፣ እኔም ቦርሳዬን። አባቴ አንዴ አንቺን አንዴ እኔን አይቶ «በሉ ዕቃችሁን አስቀምጡ፤ ማንም አይወስድባችሁም» አለ። የተግባባነው በዚህ ልክ ነበር።

ከዚያ ወዲያ አባቴ በመሃላችን አስተርጓሚ ሆኖ ኖረ፤ ሦስታችንም አንድ ቋንቋ እየተናገርን። አንቺ ፊቴ ቆመሽ «ሹራቧን ትልበስ በላት፣ ውጭው ይቀዘቅዛል» ትይዋለሽ። እሱ ወደ እኔ ዞሮ «ሹራብሽን ልበሺ ተብለሻል» ይለኛል። «እሺ በላት» እለዋለሁ። «እሺ ብላለች።» አንዳንዴ ሳቁ ያመልጠውና «እኔ እኮ በዚህ ቤት ሬዲዮ ነኝ» ይል ነበር።

ሰው ቢያየን የተጣላን ይመስለው ይሆናል። አልተጣላንም። ክፉ ቃል ከአፍሽ ወጥቶ አያውቅም፣ ከእኔም አልወጣም። አንቺ «ልጅቷን የተጫንኳት እንዳይመስላት» ብለሽ ትሸሺያለሽ፣ እኔ «ሴትዮዋን የማስቸግራት እንዳይመስላት» ብዬ እሸሻለሁ። ሁለት ዓይን አፋሮች በአንድ ጣሪያ ሥር። የኮምፒውተር ትምህርቴን ስጨርስ የእናንተ መሥሪያ ቤት፣ የምድጃና የፍሪጅ ጥገናው፣ ሰው እንደሚፈልግ የሰማሁት ከአንቺ ነው፤ የሰማሁት ግን በአባቴ አፍ ነው። «ንገራት» ብለሽው ነበር፤ በዚያው ተቀጠርኩ።

አባቴ ሲሞት ለቀስተኛው ሁሉ እኔን «አባትሽን አጣሽ»፣ አንቺን «ባልሽን አጣሽ» ይል ነበር። እርስ በርስ የምንነጋገርበትን ሰው እንዳጣን ግን ማንም አላሰበም። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የቀረው ወሬ «በሩን ቆልፈሻል?» እና «ቆልፌያለሁ» ነው። ዝም አይነቅዝም ይላሉ። እኛ ቤት ግን ነቅዟል፣ እትዬ። እኔ አይቼዋለሁ።

የመሥሪያ ቤቱን ነገር አንቺ ታውቂዋለሽ፤ ከእኔ በኩል እንዴት እንደነበር ግን ነግሬሽ አላውቅም። ያ የሽያጭ ሠራተኛ «የሠርግ ጥሪ» የሚል ፋይል ከፍቶ፣ እሱም አልበቃ ብሎት ከደንበኛ መዝገብ ጋር አያይዞት፣ ቫይረሱ ፎቅና ምድሩን ያዳረሰ ጊዜ ትዝ ይልሻል? ድሮውንም ሰርቨሩ ሞልቶ ነበር። ሰው ያገኘውን ሁሉ ያያይዛል፤ የልጁን ልደት፣ የጎረቤቱን ምርቃት፣ አንዱማ የራሱን ሠርግ ሙሉ ቪዲዮ በአንድ የፍሪጅ ጥገና ትዕዛዝ ላይ ለጥፎት አገኘሁ። ሥራ አስኪያጁ ጠራኝና ጠረጴዛውን መታ።

«ከዛሬ ጀምሮ ማንም ሰው ምንም ነገር አያያይዝም! ማየት ይበቃል።»

«ለሥራቸው የሚያስፈልጋቸውስ?»

«የሚያስፈልገው በጽሑፍ ይጠይቅ። እኔ አጸድቃለሁ፣ አንቺ ትከፍቺያለሽ።»

ኮምፒውተሬ ላይ በእያንዳንዱ ክፍል ስም ትይዩ ትንንሽ ሳጥኖች አሉ፤ አንዱ ለማየት፣ አንዱ ለማያያዝ፣ አንዱ ለመሰረዝ። የሒሳብ ክፍልን ዘጋሁ፣ ሽያጭን ዘጋሁ፣ መጋዘንን ዘጋሁ። «የደንበኞች አገልግሎት» ጋ ስደርስ እጄ ቆመ። እሱን ሳጥን ከነካሁት ታች ባንኮኒው ጋ ያለሽው አንቺ ነሽ የሚዘጋብሽ። ትዕዛዝ ትዕዛዝ ነው፣ ዘጋሁት። ማታ ሾርባ ስታቀርቢልኝ ቀና ብዬ ላይሽ አልቻልኩም፤ ሾርባውን ብቻ አየሁ።

በማግስቱ ጥዋት የመጀመሪያው ጥያቄ ካንቺ መጣ።

«ለሲስተም ክፍል፦ ፋይል ማያያዝ አልቻልኩም። ከትላንት በፊት ይሠራ ነበር። የእኔ ጥፋት ከሆነ ይቅርታ እየጠየቅሁ እንዲታይልኝ በትህትና አመለክታለሁ።»

ጥዋት ኮሪደሩ ላይ መስታወት ፊት ቆመሽ ፀጉርሽን ስታበጥሪ አልፌሽ ነው የወጣሁት። አሁን ደግሞ «በትህትና አመለክታለሁ» ትይኛለሽ። ምን ልበል? እንደ ደንቡ መለስኩ። «ጥያቄዎ ደርሶናል። ፋይል የማያያዝ ፈቃድ በሥራ አስኪያጁ ትዕዛዝ ለጊዜው ተዘግቷል። የሚያስፈልግዎ ከሆነ ምክንያቱን ዘርዝረው ይላኩልን።» እርስዎ አልኩሽ። እቤት እንኳን «አንቺ» ለማለት የሚያንቀኝ ሴት፣ «እርስዎ» ስልሽ ግን እንዴት እንደቀለለኝ!

ማታ ነገሩን ታነሺዋለሽ ብዬ ጠበቅሁ። «ጨው በዛ?» አልሽኝ። «አልበዛም» አልኩሽ። አበቃ። የመሥሪያ ቤት ነገር ለመሥሪያ ቤት።

ምክንያትሽን በማግስቱ ላክሽ። እስከ ዛሬ በቃሌ ነው የምወጣው፦

«ደንበኞቻችን የተበላሸባቸውን ዕቃ ስም አያውቁም፤ እንዲያውቁም አይጠበቅባቸውም። ዳቦ ጋጋሪው ደውሎ ‹ያቺ እንደ ጆሮ ያለችው ነገር ተሰበረች› ይለኛል። ምድጃው ላይ እንደ ጆሮ ያለ ነገር ብዙ ነው። ፎቶ ይልክልኛል፣ እኔ ከሥራ ትዕዛዙ ጋር አያይዘዋለሁ፣ ቴክኒሻኑ አይቶ የሚሆነውን መለዋወጫ ይዞ ይሄዳል። ፈቃዱ ከተዘጋ ወዲህ በጽሑፍ ነው የማስተላልፈው። ትላንት ‹እንደ ጆሮ ያለች› ብዬ ጻፍኩ። ቴክኒሻኑ የበር እጀታ ይዞ ሄደ። የተሰበረው ግን የሙቀቱ ማዞሪያ ኖሯል። ጋጋሪው ያቦካውን ሊጥ ደፋ። ይጮህብኛል ብዬ ስጠብቅ ዝም አለ። ዝም ሲል ባሰብኝ።»

ለብቻዬ ሳቅሁ፤ አጠገቤ ያለው ልጅ ዞሮ እስኪያየኝ ድረስ። ከዚያ የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ደግሜ አነበብኳትና ሳቄ ቆመ። ስንት ዘመን አብሬሽ ኖሬ እንደምታስቂ አላውቅም ነበር። ዝምታ እንደሚያስጨንቅሽም አላውቅም ነበር።

ቅጹ ከታች «ተጨማሪ አስተያየት» የሚል ባዶ ቦታ አለው፤ ማንም አይሞላውም። አንቺ ሞላሽው።

«የሲስተም ክፍሏ ባለሙያ ሌሊቱን ሲስሉ እንዳደሩ ተሰምቷል። ወጥ ቤት፣ ላይኛው ቁም ሣጥን፣ ከስኳሩ ጀርባ ማር አለ።»

ያን ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ድረስ ሄድኩ። ማሩ ካልሽው ቦታ ነበር። ተመልሼ ጻፍኩልሽ፦ «አስተያየትዎ ደርሶናል። ማሩ ተገኝቷል። እናመሰግናለን።»

ከዚያ ወዲያማ ጥያቄ በጥያቄ ላይ ሆነ። የይለፍ ቃሌ ጠፋ፣ ማተሚያው ወረቀት ዋጠ፣ ስክሪኑ ደበዘዘ። እውነት እንደሆነ አንዳንዱን እጠራጠር ነበር፤ ግን መጀመሪያ የማየው ከታች ያለውን ነበር። «ባለሙያዋ ዛሬም ያለ ሹራብ ወጥተዋል» ትይኛለሽ። «ተጠቃሚዋ ምሳ ሳይበሉ እንደዋሉ ከዘበኛው ሰምተናል፤ ይህ ዓይነቱ አሠራር አይመከርም» እልሻለሁ። ማታ ግን ፊት ለፊት ተቀምጠን «በሩን ቆልፈሻል?» ብቻ። እንዴት ያለ ጉድ ነው! እዚያ ሲያወሩ የዋሉት ሁለት ሌሎች ሴቶች ይመስሉ ነበር።

አንድ ቀን ግን እንዲህ ብለሽ ጻፍሽ። ማተሚያው አላትም ስላለሽ ነበር ጥያቄው፤ ከታች ደግሞ፦

«የሟቹ ኮት ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው። ለማውረድ ፈቃድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ አላውቅም።»

ወንበሬን ወደ ግድግዳው አዙሬ ቆየሁ። አንቺም በየቀኑ በሩን ስትከፍቺ እጅሽ ኮቱን ይነካው ነበር ለካ። እኔማ እጅጌውን ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም፤ አንቺ ታወርጅው ይሆን ብዬ እየሰጋሁ። ያን ቀን ለሌላ ሰው ጥያቄ አንድም መልስ አልሰጠሁም። ወደ መውጫ ሰዓት ላይ ብቻ ጻፍኩልሽ፦ «ኮቱ ይቆይ።»

ወዲያው መለስሽ። «እኔም እንደዚያው ነበር የምለው።»

ፈቃድሽን ያስከፈትኩት በዚያው ሳምንት ነው። ምን እንደተባባልን አልነገርኩሽም። ጥያቄሽን አትሜ ለሥራ አስኪያጁ ስሰጠው ስምሽን አይቶ ሳቀ።

«እንዴ! የእንጀራ እናትሽ አይደለችም? እኔ እኮ ሆን ብለሽ የዘጋሽባት መስሎኝ ነበር።»

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ሰውየው ቀልዱ ነው፤ ግን አገር ሁሉ ስለ እኔና አንቺ እንደዚያ ነው የሚያስበው።

«የተዘጋው ሁሉም ላይ ነው፤ ያዘዙኝም እርስዎ ነዎት» አልኩት። «እሷ ላይ ግን መዘጋት አልነበረበትም። እባክዎ ያንብቡት።»

አነበበው። የበር እጀታው ጋ ሲደርስ በአፍንጫው ሳቀ። ዝም አለ ያልሽው ጋ ሲደርስ ግን እሱም ዝም አለ። «ይሄ ጋጋሪ የድሮ ደንበኛችን ነው እኮ» አለ። «በይ ክፈቺላት። ፎቶ ብቻ፣ ራሷ በከፈተችው ትዕዛዝ ላይ ብቻ። መሰረዝ አትችልም።»

ከፈትኩልሽ። «ፈቃድዎ ተከፍቷል። ፎቶ ብቻ ማያያዝ ይችላሉ። ያያያዙትን መሰረዝ ስለማይችሉ ከማያያዝዎ በፊት አስተውለው ይመልከቱ» ብዬ ጻፍኩ። «እግዜር ይስጥልኝ። አስተውዬ አያይዛለሁ» አልሽኝ።

ከዚያስ? ችግርሽ ተፈታና ጥያቄ ማቅረብ ተውሽ። የፈቃዱ መከፈት ይህን እንደሚያስከትል አላሰብኩም ነበር። ጥዋት ጥዋት ገጹን ከፍቼ ስምሽን እፈልጋለሁ። የሒሳብ ክፍሉ ሰውዬ አለ፣ የመጋዘኗ ሴትዮ አለች፣ አንቺ የለሽም። ኮምፒውተርሽ ደህና በመሆኑ የሚያዝን የሲስተም ባለሙያ ከእኔ ሌላ ያለ አይመስለኝም። ስንት ቀን እንደቆየሽ እንጃ፣ ብቻ ቆይተሽ ይህን ላክሽ፦

«ፋይል ማያያዝ ችያለሁ። ይህ ጥያቄ አይደለም፤ መሥራቱን ለማሳወቅ ያህል ነው። ተጨማሪ አስተያየት፦ እራት ድንች ይሁን ሩዝ?»

«ድንች» ብዬ መለስኩ። ማታ ድንቹ ሲቀርብ አንቺ ድንቹን አየሽ፣ እኔ ድንቹን አየሁ። ከንፈርሽ ሲንቀሳቀስ አይቻለሁ፣ እትዬ። ያን ጊዜ አንዳችን ትንሽ ብንደፍር ኖሮ ሌላው ሁሉ ባልመጣ ነበር።

ከዚያ ያ ጥያቄ መጣ። ከክፍል ኃላፊሽ ነበር። «ስሟ ከዚህ በታች የተጠቀሰው ሠራተኛ በገዛ ፈቃዷ ሥራ ስለለቀቀች ከወሩ መጨረሻ ጀምሮ ፈቃዶቿ በሙሉ እንዲዘጉ።» ከሥሩ ስምሽ ከነአባትሽ። የማላውቀው ሰው ስም ይመስል ደጋግሜ አነበብኩት። ካንቺ ጋር በአንድ ማዕድ የምበላ ሰው፣ መሄድሽን እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ወረቀት ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት።

ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። አንቺ ስልክ ይዘሽ «አይዞዎት፣ ፎቶውን ብቻ ይላኩልኝ፤ ሌላውን ለእኔ ይተዉት» ትያለሽ። ስታይኝ ጣትሽን አንስተሽ ጠብቂኝ አልሽኝ። ከደንበኞቹ መሃል ተሰልፌ ጠበቅሁ።

«ምነው? ምን ሆንሽ?»

«ሊዘጋ ነው የሚል ጥያቄ መጣ።»

«ምኑ?»

«ያንቺ… የመግቢያ መለያሽ።»

ጠረጴዛሽ ላይ ያለውን እስክሪብቶ አስተካከልሽው። «አዎ። እህቴን ጉልበቷን አሟታል። ሰው ያስፈልጋታል።»

ስልኩ ጮኸ። አነሳሽው። እኔም ተመለስኩ።

አትሂጂ ማለት ፈልጌ ነበር። ይኸው አልኩት። ያን ሰሞን በየማታው ልናገረው እልና «በሩን ቆልፈሻል?» እላለሁ። እህትሽ ሥጋሽ ናት፣ እኔ ማን ነኝ? አለኝ ሆዴ። ባልሽን አስታመሽ ቀብረሻል፤ ያልወለድሻትን ልጅ ለቁም ነገር አብቅተሻል፤ አሁን ትንሽ ልትተነፍሺ ፈልገሽ ይሆናል፣ በልመና ላስርሽ? አለኝ። መሄድሽን እንደ ዕረፍትሽ ቆጠርኩት። አንቺ ደግሞ ዝም ማለቴን እንደምን እንደቆጠርሽው አሁን ነው የገባኝ።

የመጨረሻው ቀን እኔ ወዳለሁበት ፎቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣሽ። «ያልጨረስኳቸው ትዕዛዞች አሉ፤ ለማን ይተላለፋሉ?» ብለሽ ወንበር ስበሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ። አንድ በአንድ አስተላለፍናቸው። እያንዳንዱ ጋ ስንደርስ ትነግሪኛለሽ፤ ይቺ ፍሪጅ ሌሊት ታለቅሳለች፣ እኚህ ሴትዮ ስልክ ሲያነሱ ድምፃቸው ቁጡ ነው ግን ደግ ናቸው፣ ይሄ ሰው ፎቶ ሲያነሳ እጁ ይንቀጠቀጣልና ሁለት ጊዜ ላክ በሉት። ሲያልቅ እጆችሽን ጭንሽ ላይ ሰብስበሽ ጠየቅሽኝ።

«ያያያዝኳቸው ፎቶዎችስ? እኔ ስዘጋ አብረው ይጠፋሉ?»

«አይጠፉም። ሰውየው ቢሄድም ያያያዘው ይቀራል።»

«ደግ» አልሽ። ትከሻዬን በመዳፍሽ ነካ አደረግሽው። «በይ ዝጊው።»

አንቺ እያየሽ ዘጋሁት። አውቶቡስ ተራም «ደርሰሽ ደውዪ» ብቻ አልኩሽ።

አሁን ወደ እሑድ ልምጣ። አክስቴ ፍራፍሬ ይዛ መጣች። ከሶፋው ላይ ተመቻችታ ተቀመጠችና ቤቱን ግራ ቀኝ አየችው።

«እሰይ! ተገላገልሽ» አለችኝ።

«ከምኑ?»

«ከሴትዮዋ ነዋ! እኔ ነኝ እኮ በመላ በመላ ያልኳት። ‹ልጅቷ ለአቅመ ሔዋን ከደረሰች ቆየች፤ ለትዳር የሚያስባት ቢመጣ ቤቱ ውስጥ የእንጀራ እናት ተጎልታ ሲያይ ይሸሻል። እሷ እንደሆነች ዓይን አፋር ናት፣ አፍ አውጥታ ውጪልኝ አትልሽም። ሆዷ ውስጥ ያለው ግን ይኸው ነው› አልኳት።»

ብርጭቆ ይዤ ቆሜ ነበር። አስቀመጥኩት።

«እሷስ ምን አለችሽ?»

«ምን ትላለች? ‹እሷ እንዲህ ካሰበችማ እሺ› አለች። ክፉ ሴት አይደለችም መቼም፤ እሱን አልክድም።»

«እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«ባትይውም ልጄ…»

«አክስቴ፣ ያላልኩትን በእኔ ስም እንድትናገሪ ማን ፈቀደልሽ?»

እንደዚህ ተናግሬያት አላውቅም። ደነገጠች። እኔም ድምፄን ሰምቼ ደነገጥኩ። «ለወንድሜ ልጅ ባስብ ጥፋት ሆነብኝ?» ብላ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እውነቷን ነው፤ አስባ ነው። ስለዚህ አጠገቧ ተቀመጥኩና ቀስ ብዬ ነገርኳት። ቤቱ የእኔ ከሆነ ማን እንደሚኖርበት የምናገረውም እኔ ነኝ አልኳት። አንቺን አይቶ የሚሸሽ ባል ከመጣም ይሽሽ፣ እግሩን ያፍጥነው አልኳት። «ሰው ምን ይላል?» አለችኝ። «ሰው እስከ ዛሬም ሲል ነበር፤ ምን ቀረበት?» አልኩ። ታክሲ ድረስ ሸኘኋት። ልትገባ ስትል ዞር ብላ «ስትጽፊላት ሰላም በያት» አለችኝ። ስለዚህ ሰላም ብላሻለች።

እሷን ሸኝቼ ስመለስ ቁጭ ብዬ ማሰብ አልቻልኩም። ስልክ ደወልኩ። አንቺ አልነበርሽም፤ እህትሽ አነሱ።

«እንደምን ዋሉ፣ ጉልበትዎን እንዴት ሆኑ?» አልኳቸው።

«የቱን ጉልበቴን?»

«ያመመዎትን።»

«እኔ? ልጄ፣ እኔን የሚያመኝ ጥርሴ ነው። አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ጉልበቴ ቢያመኝማ በገመድ ነበር የሚጎትቱኝ!»

ዝም አልኩ። እሳቸው ግን እንደ አንቺ አይደሉም፤ ዝም አይሉም። «ገበያ ወጥታ ነው» አሉኝ። «በቀን ሦስት ጊዜ ገበያ ትወጣለች። የምትገዛው ሲጠፋት ክብሪት ትገዛለች። ቤቴ ክብሪት በክብሪት ሆኗል፤ አንድ ቀን ሁላችንም እንቃጠላለን። ምንድነው፣ ተጣልታችሁ ነው?»

«አልተጣላንም።»

«ታዲያ ምን ሆናችሁ ነው?»

«አልተነጋገርንም።»

«እሱማ ከመጣላት ይብሳል፣ ልጄ» አሉኝ። «የተጣላ ይታረቃል። ያልተነጋገረ ሰው ምን ተብሎ ይታረቃል?»

እንግዲህ እትዬ፣ የእህትሽ ጉልበት ደህና መሆኑን አውቄያለሁ። አክስቴ ያለችሽንም አውቄያለሁ። አንቺ ደግሞ ይህን ከእኔ እወቂ፣ በሌላ ሰው አፍ ሳይሆን። ውጪልኝ ብዬ አስቤ አላውቅም። ከአባቴ ሞት በኋላ ጥዋት ስነሳ መጀመሪያ የማዳምጠው የአንቺን ነጠላ ጫማ ድምፅ ነው። ሲሰማኝ «አለች» ብዬ ትንሽ ጋደም እላለሁ። አሁን ስነሳ ምንም አይሰማም፤ ውሃው እንኳን ሲፈላ የሚያወርደው የለም፣ እኔ ረስቼው ሁለት ጊዜ ድስት አቃጥያለሁ። ድስቱ የማይታጠብ ሆኗል፤ ስትመጪ እንዳትቆጪኝ። ወይም ተቆጪኝ። ተቆጥተሽኝ አታውቂም፤ ብትቆጪኝ ደስ ይለኛል።

ሥራውን በተመለከተ፣ አንቺ ቦታ ላይ የተቀመጠችው ልጅ መልካም ልጅ ናት፤ ግን ዳቦ ጋጋሪው ደውሎ የዕቃውን ስም ስትጠይቀው «ስሙን ባውቀው አንቺ ጋ ምን አስደወለኝ?» ብሎ ዘጋባት። ሥራ አስኪያጁም ትላንት አሳንሰር ውስጥ አግኝቶኝ «እህቷን ጉልበቷን ሲሻላት ትመለስ እንደሆነ ጠይቂልኝ፤ ቋሚ ሰው አልቀጠርኩበትም» አለኝ። ስለ ጉልበቱ አልነገርኩትም። ብትፈልጊ ትመለሻለሽ፣ ባትፈልጊ ይቅር፤ እኔ የምለምንሽ ስለ ቤቱ ነው።

ቅዳሜ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ። እህትሽ ጋ መኖር የምር ደስ ብሎሽ ከሆነ ፊቴ ቆመሽ ንገሪኝ፤ እቀበላለሁ፣ እየመጣሁም እጠይቅሻለሁ። ግን «ለአንቺ ብዬ ነው» እንዳትይኝ፤ ለእኔ ብለሽ የሄድሽው መሄድ ለእኔ አልሆነኝም።

የምትመጪ ከሆነ ደግሞ ሻንጣሽን ከአራተኛ ፎቅ አንቺ እንዳታወርጂው። ወገብሽን እንደሚያምሽ አውቃለሁ፤ አልጋ ስታነጥፊ እያቃሰትሽ ቀስ ብለሽ ቀና ስትይ ከግድግዳው ወዲህ ይሰማኛል። እኔ ወጥቼ አወርደዋለሁ። መንገዱ ረጅም ነው፤ ጎን ለጎን ነው የምንቀመጠው፤ የሚያስተረጉምልን ሰውም፣ የምንጽፍበት ቅጽም የለም። ምን እንደምናወራ አላውቅም። ምናልባት ግማሹን መንገድ ዛፍ እየቆጠርን እንሄድ ይሆናል። ግድ የለም። አንዳችን እንጀምራለን።

በመስኮቱ በኩል ያለውን ወንበር ላንቺ እይዛለሁ።

ልጅሽ